ተስፋ የተጣለበት ልጅ

ሰሞኑን የአርሰናል ደጋፊዎች ስለ ክለቡ ታዳጊዎች በተከራከሩ ቁጥር አንዲት አባባል ሳትጠራ ትመጣለች፦ «ብቻ እንደ ዊልሼር ባክኖ እንዳይቀር»። ዲኤስቲቪ ቤትም፣ ኤፍኤም የስፖርት ፕሮግራም ላይም፣ ታክሲ ውስጥም ያው ናት። የጃክ ዊልሼር ስም የልጆች ማስጠንቀቂያ ሆኖ ቀረ። የዚህ ዓምድ ደንበኞች «ባከነ» ከሚለው ቃል ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ ያውቁታል። ገንዘብ ይባክናል፣ ጊዜም ይባክናል፤ ሰውን ግን ባከነ ለማለት አስቀድሞ የእኔ ነበር ማለትን ይጠይቃል። በቋንቋችን «ተስፋ የተጣለበት ተጫዋች» እንላለን፤ አነጋገሩን ልብ ብሎ ላየው ሰው የክርክሩ ግማሽ እዚያው ያልቃል። ተስፋ ይጣላል፤ ጣዩ ሌላ ነው፣ የሚጣልበት ሌላ። ልጁ ቃል አልገባም፣ አልማለም። እኛ ግን ዓመታት ሲያልፉ ጣዮቹ መሆናችንን እንረሳና እንደ ባለዕዳ «ቃሉን አልጠበቀም» ብለን እንከሰዋለን። የእኔ አቋም ከዚህም አልፎ ይሄዳል፦ ዊልሼር የተጣለበትን ተስፋ ፈጽሞታል። በ19 ዓመቱ ፈጽሞታል። ከዚያ በኋላ ያጠረው የጨዋታ ዘመኑ ነው፤ የዘመን ማጠርና ተስፋን አለመፈጸም ደግሞ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ተስፋው ምን እንደነበር እናስታውስ (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። በዘጠኝ ዓመቱ ከሉተን ታውን ወደ አርሰናል አካዳሚ የገባው ልጅ፣ መስከረም 2008 ላይ ብላክበርን ሜዳ ተቀይሮ ሲገባ 16 ዓመት ከ256 ቀኑ ነበር። በክለቡ የሊግ ታሪክ ከእሱ በፊት በዚያ ዕድሜ የተሰለፈ አልነበረም፤ ክብረ ወሰኑም እስከ 2022 ድረስ ቆይቷል። በ2009 ከታዳጊ ጓደኞቹ ጋር የኤፍኤ ወጣቶች ዋንጫን አነሳ፤ በ2010 መጀመሪያ ወደ ቦልተን በውሰት ተልኮ ከትልልቅ ሰዎች ጋር መጋፋት ለመደ። ሲመለስ አርሰን ቬንገር ከመሐል ሜዳ አላወጡትም። በ2010/11 በአጠቃላይ 49 ጨዋታ ተሰለፈ፤ 35ቱ በፕሪሚየር ሊጉ ነበሩ። የዓመቱ ኮከብ ወጣት ተጫዋች ብለው የመረጡት፣ ከዚያም በዓመቱ ምርጥ 11 ውስጥ ያስገቡት ጋዜጠኞች አልነበሩም፤ በየሳምንቱ ሜዳ ላይ የሚገጥሙት ተጫዋቾች ናቸው። «ወደፊት ጥሩ ይሆናል» ብለው አልነበረም ድምፃቸውን የሰጡት። አሁን ጥሩ ነው ብለው ነበር።

የካቲት 16 ቀን 2011 ኤምሬትስ ላይ የተደረገውን ጨዋታ ሁሉም ያነሳዋል፤ ሲነሳ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ተረት ነው፣ ዝርዝሩ ይዘለላል። ባርሴሎና በዚያ ምሽት በመሐል ሜዳ ዣቪን፣ ኢኒየስታንና ቡስኬትስን ይዞ መጣ፤ ከፊታቸው ሜሲ አለ። ከሰባት ወር በፊት ሦስቱም አማካዮች በስፔን ማሊያ የዓለም ዋንጫ አንስተዋል። የእነዚያ ሰዎች ዋና መሣሪያ ኳስ ሲያጡ ወዲያው ሦስትና አራት ሆነው መክበብ ነበር፤ የዚያን ዘመን አማካዮች በሙሉ የተሸነፉት በዚህ ክበብ ውስጥ ነው። ዊልሼር ኳስ የሚቀበለው ጀርባውን ለተጋጣሚ ሰጥቶ ነው፤ በአንድ ንክኪ ትከሻውን አዙሮ ከክበቡ ይወጣና ጨዋታውን ከፊቱ ያገኘዋል። ዴቪድ ቪያ ካስቆጠረ በኋላ ቫንፐርሲ በ78ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ፤ አምስት ደቂቃ ቆይቶ የመጣችውን የማሸነፊያ ጎል መለስ ብሎ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። አርሰናል ኳሱን የነጠቀው በራሱ የሜዳ ክፍል ነው። ኳሱ ዊልሼር ጋ ደረሰ፤ እሱ ሳያቆማት ለፋብሪጋስ ሰጠ፤ ፋብሪጋስ በረጅሙ ወደ ናስሪ ላካት፤ ናስሪ ወደ ኋላ መልሶ ለአርሻቪን አመቻቸ፤ 2 ለ 1። የዊልሼር ንክኪ በስታቲስቲክስ ሠንጠረዥ ላይ ምንም ቦታ የላትም፤ ጎልም አይደለችም፣ ለጎል የተመቻቸች ኳስም አይደለችም። ያቺ ንክኪ አንድ ሰከንድ ብትዘገይ ግን ሩጫው ሁሉ አይኖርም ነበር። በ197 ጨዋታ 14 ጎል ብቻ እያሉ የሚያንሱት ሰዎች የሚመዝኑት ሌላ ዓይነት ተጫዋች ነው። ሚዛኑ የእሱ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሆነው በአጭሩ ይህ ነው። በ2011 ክረምት፣ በኤምሬትስ ካፕ የወዳጅነት ጨዋታ ላይ ቁርጭምጭሚቱን አመመው፤ አጥንቱ በጫና ብዛት ተሰንጥቆ ተገኘ። የ2011/12 የውድድር ዘመን አንድም ጨዋታ ሳይጫወት አለፈ፤ የተመለሰው በጥቅምት 2012 ከኪውፒአር ጋር ነው። መጋቢት 2014 ዌምብሌይ ላይ እንግሊዝ ከዴንማርክ ጋር ስትጫወት እግሩ ተሰነጠቀ። በዚያው ዓመት ኅዳር ከማንችስተር ዩናይትድ ጋር ቁርጭምጭሚቱ እንደገና ተጎዳ። በ2015/16 በሊጉ ሦስት ጊዜ ብቻ ታየ። በውሰት በሄደበት ቦርንማውዝ ደህና ሲያገግም ቆይቶ ሚያዝያ 2017 ከቶተንሃም ጋር እግሩ ተሰበረ። በ2018 ከአርሰናል ወጣ፤ ዌስትሃም፣ እንደገና ቦርንማውዝ፣ በመጨረሻ የዴንማርኩ ኦርሁስ፤ በ2022 በ30 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ። ይህን ዝርዝር አንብቦ «አልሠራበትም» የሚል ሰው የሚናገረው ስለ ሌላ ተጫዋች መሆን አለበት። እያንዳንዱን ጉዳት ተከትሎ ለወራት መሮጥ፣ መለጠጥ፣ ክብደት ማንሳት አለ፤ ያንን ከአምስት ጊዜ በላይ ደጋግሞ ለብሔራዊ ቡድኑ 34 ጊዜ የተሰለፈ ሰው ሰነፍ ሊባል አይችልም። ሰኔ 2015 ሉብሊያና ላይ በስሎቬኒያ መረብ ላይ ከሩቅ በግራ እግሩ ያሳረፋቸውን ሁለት ጎሎች ያየ፣ ችሎታው ከጉዳቱ ጋር አብሮ እንዳልሄደ ያውቃል።

ተቃዋሚዎቼ ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከሲጋራው ነው። አዎ፣ በ2013 ሲያጨስ ፎቶ ተነሥቷል። ከ2015ቱ የኤፍኤ ዋንጫ ድል በኋላም በደስታ ሰልፉ ላይ በቶተንሃም ላይ ባዘፈነው ዘፈን የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር 40 ሺህ ፓውንድ ቀጥቶታል። ጥፋቶች ናቸው፤ ግን ሲጋራ ቁርጭምጭሚት አይሰነጥቅም፣ ዘፈንም እግር አይሰብርም። የመጀመሪያውና ከሁሉም የከፋው ጉዳት የደረሰበት ከፎቶው ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው። ውጤት ከምክንያቱ ቀድሞ ሊመጣ ስለማይችል በዚህ ላይ ከዚህ በላይ ቀለም አላጠፋም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ግን ክብደት አለው፤ በቁም ነገር መመለስ ይገባዋል። ዊልሼር ኳስ ያቆያል፤ ኳስ የሚያቆይ ደግሞ ይመታል፤ ስለዚህ ጉዳቱን የጠራው ራሱ ነው፤ ብልህ ቢሆን ኖሮ ቶሎ አቀብሎ ሰውነቱን ያድን ነበር ይላሉ። የመጀመሪያው ክፍል እውነት ነው። ተጋጣሚውን ወደ ራሱ እየሳበ፣ እግሩ ሊደርስበት ሲል ነው ሾልኮ የሚወጣው። ነገር ግን ያ አመል ከችሎታው ተነጥሎ የሚወገድ ጉድፍ አልነበረም፤ ችሎታው ራሱ እሱ ነው። አማካይ ተጋጣሚን ሲስብ ሌላ ቦታ ላይ ያለ ጓደኛው ነፃ ይሆናል፤ ባርሴሎናን የከፈተው ይኸው ነው። ጥቅምት 2013 ኖርዊች ላይ ያስቆጠራትን ጎል ደግሞ እንመልከት። ከካዞርላና ከዢሩ ጋር ኳሷን በአንድ በአንድ ንክኪ እየተቀባበሉ በተከላካዮች መሐል አለፉ፤ ዢሩ በእግሩ ጫፍ ነካ አደረጋት፣ ዊልሼር ሳትወርድ መትቶ አገባት። በዚያ ቅብብል ውስጥ ኳስ ያቆየ የለም፤ ቶሎ ማቀበልን ከማንም በላይ ያውቅበት ነበር ማለት ነው። ሲያቆይ የሚያቆየው ማቆየት የሚያስፈልግበትን ቦታ አይቶ ነው። በዚህ ላይ የመጀመሪያው ስንጥቅ የመጣው ከአንድ አስከፊ ግጭት አልነበረም፤ እንዲህ ዓይነት ስንጥቅ ጫና ሲደራረብ የሚመጣ ነው። 20 ዓመት ላልሞላው ልጅ 49 ጨዋታ፣ በዚያ ላይ የብሔራዊ ቡድን ጥሪ፣ ማን ነው የደራረበው? ልጁ ሰልፍ ራሱ አያወጣም። ደክሞታል ተብሎ ከ21 ዓመት በታች የአውሮፓ ዋንጫ ቡድን የተተወው በዚያ ክረምት ነው፤ ዕረፍቱ ግን ዘግይቶ መጣ።

«ራምሴስ?» የሚሉም አሉ። አሮን ራምሴ በ2010 ስቶክ ሜዳ ላይ እግሩ ለሁለት ተሰብሮ፣ ተመልሶ በ2014 የኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ የማሸነፊያዋን ጎል አስቆጠረ፤ ስለዚህ የሚፈልግ ይመለሳል ማለታቸው ነው። ራምሴን ማድነቅ ይገባል። ነገር ግን በአንድ ምት የተሰበረ አጥንት ሲገጥም ገጠመ ነው። ሩጫና መታጠፍ ሁሉ በሚያርፍበት ቁርጭምጭሚት ላይ ጉዳት ሲደጋገም ግን እያንዳንዱ መመለስ ቀጣዩን ጉዳት ተሸክሞ ይመጣል። የሁለቱን ፈቃደኝነት ማወዳደር ሳይሆን የሁለቱን አጥንት ማወዳደር ነው የሚያስፈልገው።

ወደ እኛ ልመለስ፤ ይህ ክርክር ሁልጊዜ የሚያመልጠው እዚህ ጋ ነውና። አርሰናል ከ2005 በኋላ እስከ 2014 ድረስ አንድም ትልቅ ዋንጫ አላነሳም። በ2006 አዲሱ ስታዲየም ገባ፤ ዕዳው ተከተለ፤ ኮከቦቹም አንድ በአንድ ወጡ። በ2011 ፋብሪጋስና ናስሪ፣ በ2012 ቫንፐርሲ። በዚያ ሁሉ ስደት መሐል የራሱ አካዳሚ ያሳደገው፣ የማይሸጥ፣ የቤት ልጅ አንድ ነበር። ቫንፐርሲ ትቶት የሄደውን 10 ቁጥር ማሊያ የሰጡት ለእሱ ነው፤ የሰጡት ደግሞ ከዓመት በላይ ኳስ ሳይነካ ጉዳት ላይ እያለ ነው። እስኪ አስቡት፦ መራመድ እየተለማመደ ላለ የ20 ዓመት ልጅ የክለቡን የተሰበረ ልብ በጀርባው ላይ አሳተሙበት። የእንግሊዝ ጋዜጦች በበኩላቸው የስፔንን መሐል ሜዳ ሲመኙ ኖረው መልሱን በእሱ ላይ ጻፉ። የአዲስ አበባው ደጋፊም ከዚህ ነፃ አይደለም፤ በየሳምንቱ መጨረሻ በማንችስተር ደጋፊዎች ሲላገጥበት የኖረ ሰው መከራከሪያው «ቆይ ብቻ፣ ዊልሼር ይመለስ!» ነበር። ያ ሁሉ የእኛ ችግር ነበር፤ መፍትሔውን ግን በአንድ ቁርጭምጭሚት ላይ ጫንነው። ስንጥቁ ሲመጣ የተሰማን ሐዘን ስለ ልጁ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስሙን ማስፈራሪያ አናደርገውም ነበር።

«እንደ ዊልሼር እንዳይቀር» የምትለው አባባል ይበልጥ የምታሳዝነኝ አሁን ስለ ማን እንደምትነገር ሳስብ ነው። በ2022 የዊልሼርን ክብረ ወሰን የሰበረው ኢታን ንዋኔሪ፣ ገና 15 ዓመት ከ181 ቀኑ ነበር። ነሐሴ 2025 ማክስ ዳውማን ከሊድስ ጋር ተቀይሮ ሲገባም 15 ዓመቱ ነበር። ገና ድምፃቸው በወጉ ያልጎረነነ ልጆች ላይ ተስፋው እንደገና እየተጣለ ነው፤ በዚያው አፍ ደግሞ ወቀሳው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል። እነዚያን ልጆች ከማንም ቀድሞ የተረዳቸው ግን ያው ማስፈራሪያ ያደረግነው ሰው ነው። ዊልሼር በ2022 ጫማውን እንደሰቀለ የአርሰናል ከ18 ዓመት በታች ቡድን አሰልጣኝ ሆነ፤ በመጀመሪያው ዓመት ንዋኔሪንና ማይልስ ሉዊስ-ስኬሊን ይዞ እስከ ኤፍኤ ወጣቶች ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ፤ በዌስትሃም 5 ለ 1 ተሸነፉ። ሉዊስ-ስኬሊ ከዚያ ሽንፈት ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ የካቲት 2025 አርሰናል ማንችስተር ሲቲን 5 ለ 1 ሲረታ ጎል አስቆጠረ። ጀርባውን ለተጋጣሚ ሰጥቶ ኳስ ሲቀበልና በአንድ ንክኪ ትከሻውን ሲያዞር የተመለከተ የአርሰናል ደጋፊ፣ ያንን እንቅስቃሴ የት እንዳየው ማስታወስ አይቸግረውም። ዊልሼር ራሱ ጥቅምት 2025 የሉተን ታውን ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ተሾሟል፤ በዘጠኝ ዓመቱ ትቶት የወጣው ክለብ።