ዶክተሩ አክሊሉ ናቸው፤ ለማ አባታቸው ናቸው

በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ እግር ኳስ ውድድርና ስለ ምግብ ቤታችን ወጥ ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ግን ላይ ላዩን ሲያዩት ደረቅ ይመስላል። ይኸውም በሕክምና መጽሔት የሚወጣ ጽሑፍ በስተመጨረሻው ስለሚደረድራቸው ዋቢ ጽሑፎች ነው። «ይኸ ደግሞ ለመምህር ምኑ ነው?» የሚል ካለ እባኩን እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ክረምት ነው። ታላቅ ወንድሜ የጤና ባለሙያ ነው። ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ሆኖ በፎገራ ሜዳ ስላለው የቢልሃርዝያ በሽታ አንድ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ለአንድ መጽሔት ልኮ ነበር። ጽሑፉ ተመለሰበት። የተመለሰውም በቁም ነገሩ ሳይሆን «ዋቢዎቻችሁ በሥርዓቱ አልተጻፉምና አስተካክላችሁ ላኩ» ተብሎ ነው። ታዲያ ወረታ ላይ መብራት በመጣ ቁጥር እሱ እያነበበ እኔ እየጻፍሁ ሠላሳ አራት ዋቢዎችን ስናቃና ሰነበትን።

ሥርዓቱ ቫንኩቨር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1978 የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ካናዳ ውስጥ በቫንኩቨር ከተማ ተሰብስበው መከሩበት፤ በ1979ም ታተመ። ዓላማውም ደራሲው ለያንዳንዱ መጽሔት ጽሑፉን በሌላ መልክ እንደገና ከመተየብ እንዲድን ነው። በጽሑፉ ውስጥ ዋቢው በቁጥር ይጠቀሳል። ቁጥሩ የሚሰጠው ዋቢው መጀመሪያ በተነሣበት ተራ ሲሆን፣ ያው ጽሑፍ ሲደገም ያው ቁጥር ይመለሳል። በዝርዝሩ ላይ የደራሲው ስም፣ የጽሑፉ ርእስ፣ የመጽሔቱ አጭር ስም፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ ቅጹና ገጹ በተርታ ይሰፍራሉ። ደራስያኑ ከስድስት ከበለጡ ስድስቱ ተጽፈው «እና ሌሎች» ይባላል። የእኛን አቆጣጠር ከፈረንጁ ጋር ማምታታትም ትልቅ ስሕተት ነው፤ በ2010 ዓ.ም. የወጣን ሪፖርት በደፈናው 2010 ብሎ ማስፈር የሰባትና የስምንት ዓመት ውሸት መናገር ነው።

«ይኸ ሁሉ ለነጠላ ሰረዝ?» እንዳትሉ። የቢልሃርዝያ መድኃኒት የሆነው ፕራዚኳንቴል በተለመደው አሰጣጥ ለአንድ ኪሎ ክብደት 40 ሚሊ ግራም ነው። ጸሐፊው ይህን ጽፎ 12 የሚል ቁጥር ቢያኖርበት፣ አንድ ዋቢ በመካከል ገብቶ ተራው ቢዛነፍና 12ኛው ስለ ወባ የተጻፈ ሆኖ ቢገኝ፣ በርብና በጉማራ ዳር ያለ የጤና ባለሙያ እውነቱን ከየት ያጣራል? ዋቢ አድራሻ ነው። አድራሻው ከተሳሳተ እንግዳው ሰው ቤት ይገባል። በመጨረሻ የሚጎዳው ሩዝ ማሳ ውስጥ ውሃ ሲረግጥ የሚውለው ልጅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። በሰባተኛው ዋቢ ላይ «ለማ አ» የሚል ስም አለ። በአሥራ ዘጠነኛው ላይ ደግሞ «አክሊሉ ለ» ይላል።

«ጋሼ፣ እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ኧረ አንድ ሰው ናቸው! የእንዶዱ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው እንጂ» አለኝና ሁለታችንም ሳቅን። ኋላ ሳስበው ግን የሚያስቅ ሆኖ አላገኘሁትም።

እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ያጥቡበት ስለነበረው እንዶድ እዚህ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያ ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ስለሆነ፣ ቀንድ አውጣን የሚገድል ነገር የበሽታውን መንገድ ይዘጋል ማለት ነው። ጥናታቸውን በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ቅጽ 3፣ ከገጽ 187 እስከ 190 አወጡት። በ1989ም ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ይህን የሠሩት ሰው በዓለም ዋቢዎች ላይ የሚጠሩት «ለማ አ» ተብለው ነው። የራሳቸው ስም አንዲት ፊደል ሆኖ ቀረ!

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሥርዓቱ የተበጀው የቤተሰብ ስም ላላቸው ሕዝቦች ነው። እኛ ግን የቤተሰብ ስም የለንም። ሁለተኛው ስማችን የአባታችን የራሱ ስም ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚባለውም ለመጀመሪያው ስማችን እንጂ ለሁለተኛው አይደለም። ስሙ ሲገለበጥ ወንድማማቾች ይደባለቃሉ፤ የማይዛመዱ ሁለት «ለማ»ዎች ዘመድ ይመስላሉ፤ አንዱ ሰው ደግሞ እንደ ወንድሜ ዝርዝር ለሁለት ይከፈላል።

በመኝታ ክፍላችን ይህን ባነሣ አንድ ጓደኛዬ «ሕግ ሕግ ነው፣ ሁሉም አገር የራሱን ካወጣ የዓለም መዝገብ ይፈርሳል» ሲል ተከራከረኝ። ክርክሩ ፍሬ አለው። ነገር ግን አይስላንዶች ከአባት የተወሰደውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም አይቆጥሩም፤ የስልክ ማውጫቸውን እንኳ በመጀመሪያ ስም ነበር የሚደረድሩት። ስለ ኢትዮጵያ ጥናት በሚያትሙ መጽሔቶችም የኢትዮጵያዊ ደራሲ ስም ሳይገለበጥ መጻፉ የታወቀ ልማድ ነው። መዝገቡም አልፈረሰም።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። አንደኛ፣ የሌላውን ሰው ጽሑፍ ስንጠቅስ በሥርዓቱና ጽሑፉ ላይ በታተመው መልክ እንጥቀስ፤ በየግላችን ብንለውጠው አድራሻውን እናጠፋለን። ሁለተኛ፣ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ስናነሣቸው «ለማ እንዳሉት» ሳይሆን «አክሊሉ ለማ እንዳሉት» እንበል። ሦስተኛ፣ የራሱን ጽሑፍ የሚያወጣ ሰው ስሙን አንድ ጊዜ መርጦ ዕድሜ ልኩን አይለዋውጠው፤ ኦርኪድ የተባለውን ባለ 16 አኃዝ የተመራማሪ መለያም ያውጣ። አራተኛና ዋናው፣ የአገራችን የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች የእኛን አጠራር ከማንም በላይ ያውቃሉና የኢትዮጵያዊን ስም ሙሉውን፣ ሳይገለብጡ በማስፈር ፈር ይቅደዱ።

ለእኛ ለእጩ መምህራንስ? ባለቤቱን መጥቀስ ከፈረንጅ የመጣ ነገር አይደለም። በጋይንት የቤተልሔም ድጓ ዜማ እስከ ዛሬ በቦታው ስም ይጠራል፤ ተማሪውም ከማን እንደተማረ ይጠየቃል። እኛ ግን ለፈተና የቃረምነውን ከየት እንዳገኘነው ሳንናገር እንደ ራሳችን አድርገን እናነበንባለን። የሰው ወርቅ አያደምቅም። ነገ ክፍል ስንገባ ተማሪያችንን «ይህን ከየት አገኘኸው? ማን አለው?» ብለን እንጠይቀው። ከዚያ ልጅ ውስጥ አንዱ ሐኪም ሆኖ የጻፈ እንደሆነ ዋቢውን አያዛንፍም፤ የባለቤቱንም ስም አያጠፋም።

የወንድሜ ጽሑፍ ተስተካክሎ ተልኳል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ? የምትቃወሙኝ ካላችሁ ይኸው ሰሌዳው፣ ጻፉና ለጥፉ። ብቻ የጠቀሳችሁትን ሰው በራሱ ስም ጥሩት።