«በውስጥ እንጨርሰው» ለምትሉ የትምህርት ቤት ኃላፊዎች

በለቡና በአካባቢዋ ለምትሠሩ ርዕሳነ መምህራን፣ ዩኒት መሪዎችና የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባላት፤

ስሜን ያልጻፍኩት ፈርቼ አይደለም። የእኔ ከታወቀ የማሳድጋት ተማሪ ስምም ይታወቃል። እናቷ አረብ አገር ስለሆነች ወላጅ ተብዬ የተጠራሁት እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩትም እሷ አንብባ ከፈቀደች በኋላ ነው።

አንድ ሰው በቴሌግራም እኩያዋ መስሎ ቀረባት። አታልሎ ፎቶ ወሰደባት፤ ከዚያ «ሌላ ካልላክሽ ለክፍልሽ ግሩፕ እለቀዋለሁ» እያለ ያስጨንቃት ጀመር። ሦስት ሳምንት ብቻዋን ይዛው ከረመች፤ በኋላ ለመምህርቷ ነገረቻት። መምህርቷ አመነቻት፣ አቀፈቻት፣ ወደ ቢሮም ይዛት ሄደች። እስከዚህ ድረስ ሁለቱም ያደረጉት ልክ ነበር።

ቢሮ ከገባች በኋላ ግን ስልኳ ተወሰደ፤ ፓስወርዱን ንገሪ ተባለች። ፎቶውን ዩኒት መሪው አየው፣ ምክትሉ አየው፣ ኮሚቴው አየው። አንዱማ «ለማስረጃ» ብሎ በራሱ ስልክ አንስቶ ለባልደረባው ላከው። የሆነውን አራት ጊዜ፣ እንደ ጥፋተኛ ቆማ ተናገረች። በመጨረሻም መልእክቱ ሁሉ ይጥፋ ተባለ፤ ጠፋ። እኔ ስደርስ የጠበቀኝ ቃል «የእሷም የትምህርት ቤቱም ስም አለ፤ በውስጥ እንጨርሰው» የሚል ነበር። ሳምንት ሳይሞላ መሸኛዋ ተሰጠን።

የዚያን ትምህርት ቤት ስም አልጠራም፤ ከሙዚቃ ሰፈር እስከ ቫርኔሮ ካነጋገርኳቸው ወላጆች ይህንኑ ቃል የሰሙ ሌሎችም አሉና።

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12ን እባካችሁ አንብቡት። እንዲህ ያለውን የልጅ ምስል ያለ ፈቃድ መያዝና ማስተላለፍ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ልጅን በመልእክትና በምስል ለዚህ ማባበል ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዓመት። ሕጉ ምስሉ ከእጅ ወደ እጅ እንዳይዞር ሲከለክል፣ እናንተ ለምርመራ ብላችሁ አዞራችሁት። ልጅቷን ያሳመማት ያ የማታውቀው ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ። እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳት፣ ቢሮ ውስጥ ስልኩን ሲቀባበሉት ያየችው ነው።

ማጥፋቱም ማንንም አልጠበቀም። ቴሌግራም ላይ ንግግር ከሁለቱም ወገን ሊጠፋ ይችላል፤ የአስፈራሪው መለያ ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የዛተበት ቃል አብሮ ይሄዳል። አዋጁ አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታ እንዲያቆዩ የሚያዘው ቢያንስ ለ1 ዓመት ነው፤ እኛ በውስጥ ለመጨረስ ስንመላለስ ያ ጊዜ ይቆጠራል። ፎቶው ግን በሰውየው እጅ ነው፤ ነገ ለሌላ ልጅ ሌላ ስም ይዞ ይመጣል።

ገበናን መሸፈን ከእናቶቻችን የወረስነው ደግ ነገር ነው፤ እኔም ያደግሁበት ነው። እዚህ ግን የተሸፈነው ሰውየው ነው። ልጅቷማ መሸኛ ይዛ በወሩ መካከል ስትወጣ ክፍሉ ሁሉ የፈለገውን ገመተባት።

ይህ የአንድ ሰፈር ነገር አይደለም። ኢክፓት፣ ኢንተርፖልና ዩኒሴፍ በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጡት የኢትዮጵያ ጥናት፣ ኢንተርኔት ከሚጠቀሙ ከ12 እስከ 17 ዓመት ልጆች 10 በመቶው በአንድ ዓመት ውስጥ ከባድ የኢንተርኔት ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ይገልጻል፤ በግምት 300,000 ልጆች። ደፍራ ቢሯችሁ የገባችው ልጅ እንደ እነዚህ ካሉት አንዷ ናት።

እንዲህ ያለች ልጅ እንዴት መሰማት እንዳለባት የሚያሳይ ቦታ በዚሁ ከተማ አለ። ልደታ በሚገኘው የልጆች ችሎት ልጅ ከተከሳሹ ጋር አይፋጠጥም፤ በተለየ ክፍል ተቀምጦ፣ ባለሙያ እየረዳው፣ በካሜራ ነው ቃሉን የሚሰጠው። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታልም ጥቃት የደረሰባቸው ሕክምናውንም ምክሩንም የሕግ ድጋፉንም አንድ ቦታ ያገኛሉ። ዳኛ ፊት ይህን ያህል የምትከለል ልጅ፣ ዩኒት መሪ ፊት ለምን ትራቆታለች?

ከእናንተ የምፈልገው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። አንዲት የምትታመን መምህርት ብቻ ትስማት፣ አንዴ። ፎቶውን ማንም አይክፈተው፣ ማንም አይቅዳው፣ ማንም አያጥፋው፤ የሰውየው መለያ፣ ቀኑና ዛቻው በወረቀት ይጻፍ፤ ስልኩ ከአሳዳጊዋ ጋር፣ በዚያው ቀን፣ ፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ መርማሪ ዘንድ ይሂድ። ልጅቷ በማግሥቱ ወንበሯ ላይ ትቀመጥ።

አንድ ነገር ደግሞ ለዚያ ትምህርት ቤት። የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ አንዴ አሳይታችሁኛል። «የሥነ ምግባር ጉድለት» ከሚለው ቃል ሥር የተጻፈው የእሷ ስም ነው፤ የሰውየው መለያ በአንድም መስመር የለም። ቅጂውን ሁለት ጊዜ ጠይቄ አልተሰጠኝም። እንዲታረምና ስሟ ከዚያ እንዲነሳ አሁን በአደባባይ እጠይቃለሁ።

የአንዲት ተማሪ አሳዳጊ
ለቡ፣ አዲስ አበባ