የቤተሰብ መኪናና ከባድ ተሳቢ፦ ከዳገቱ በፊት ቁልቁለቱን እናስብ



በዚህ ወር ዓምዳችን የምንመለከተው ብዙ ገንዘብ የሚወጣበትን፣ ከገንዘብም በላይ የሰው ሕይወት ያለበትን የመኪና ግዢ ነው። ለምሳሌ ያህል በደብረ ማርቆስ የሚኖር አንድ ቤተሰብ እናስብ። አባት እህል ይነግዳሉ፤ ትልቁ ልጅ አነስተኛ ጋራዥ ከፍቷል። ለዓመታት ባጠራቀሙት ላይ ዘመድ ከውጭ አገር የላከው ተጨምሮ አንድ መኪና ሊገዙ አስበዋል። መኪናው በዒድ ቀን ቤተሰቡን ይዞ ዘመድ ጥየቃ ይሄዳል፤ በሌላው ቀን ደግሞ ተበላሽተው መንገድ ላይ የቀሩ መኪኖችን በተሳቢ ጭኖ ወደ ጋራዡ ያመጣል፤ ሲያስፈልግም አዲስ አበባ ድረስ ያደርሳል። ልጁ «ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?» ብሎ ይጠይቃል። እናት ደግሞ «ልጆቹ የት ይቀመጣሉ?» ይላሉ። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። እኛ ግን ከሁለቱም የሚቀድም ጥያቄ አለ እንላለን፤ እርሱም «ጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ ምን ይይዘዋል?» የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ክብደቱን በቁጥር ማወቅ ያስፈልጋል። መኪና የሚጫንበት ባለ አራት ጎማ ተሳቢ ባዶውን ከ500 እስከ 800 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በላዩ አንድ ኮሮላ ቢጫንበት በድምሩ ወደ 2,000 ኪሎ ይጠጋል። የሚጫነው ፒክ አፕ ከሆነ ግን ክብደቱ ወደ 3,000 ኪሎ ይቃረባል። እንግዲህ ቪትዝንና መሰል ትንንሽ አውቶሞቢሎችን ከዚህ ሥራ ጋር ማሰብ አይገባም። ፋብሪካው ለእያንዳንዱ መኪና የሚጎትተውን የክብደት ልክ በመጽሐፉ ላይ ያስቀምጣል። ልኩም ሁለት ነው፤ አንዱ የራሱ ፍሬን ላለው ተሳቢ፣ ሌላው ፍሬን ለሌለው ነው። ፍሬን ለሌለው ተሳቢ የሚፈቀደው ለብዙዎቹ መኪኖች 750 ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ ፍሬን የሌለው ተሳቢ መኪና ለመጫን አይሆንም ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር የአገራችን ከፍታ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አየሩ ስስ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። በዚህ ሒሳብ በወረቀት ላይ 130 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 4.2 ሊትር የላንድ ክሩዘር ናፍጣ ሞተር፣ ቱርቦ ስለሌለው፣ እዚህ ወደ 100 ዝቅ ይላል። ቱርቦ ያለው ግን አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም። ለደጋ ሰው ቱርቦ ያለው ናፍጣ የሚመረጠው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው የዓባይ በረሃ ነው። ከማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ደጀንን አልፎ ወንዙ ድረስ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ጎሃ ጽዮን ይወጣል። ቁልቁለቱ በከፍታ ከ1,300 ሜትር በላይ ነው። በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተከፈተው የሕዳሴ ድልድይ ወንዙን መሻገር አቀለለ እንጂ ቁልቁለቱን አላሳጠረውም። መኪናና ተሳቢ አንድ ላይ 4,000 ኪሎ ቢሆኑና ሹፌሩ በፍሬን ብቻ እየያዘ ቢወርድ፣ ፍሬኑ ላይ የሚያርፈው ሙቀት ሰባት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ሊያፈላ የሚችል ነው። ይህን ሁሉ ሙቀት የሚሸከሙት ጥቂት የፍሬን ሸራዎችና ዲስኮች ናቸው። ሸራው ሲግል መያዝ ያቆማል፤ የፍሬን ዘይቱ ከፈላም ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ተሳቢው የራሱ ፍሬን ከሌለው ደግሞ ኩርባው ላይ የፊተኛውን መኪና ከኋላ ገፍቶ ያጣጥፈዋል።

በመሆኑም ልምድ ያላቸው ሹፌሮች ዳገቱን በሚወጡበት ከባድ ማርሽ ቁልቁለቱን ይወርዳሉ፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ ያደርጋሉ። ማርሹንም የሚቀይሩት ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው።

ታዲያ ምን ይመረጥ? ለዚህ ሥራ የሚሆነው ሻንሲ ያለው፣ ናፍጣ የሚጠቀምና ራሱም ከባድ የሆነ መኪና ነው። ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ባለ 3.0 ሊትር ቱርቦ እንደ ሞዴሉ እስከ 2,500 ኪሎ ይጎትታል። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጣው ባለ 2.8 ሊትር ደግሞ እንደ ዓይነቱ እስከ 3,200 ወይም 3,500 ይደርሳል። ባለ 70 ሲሪዝ ላንድ ክሩዘርም እስከ 3,500 ኪሎ ይጎትታል። ነገር ግን እነዚህ ቁጥሮች የመጨረሻ ልክ ናቸው። የተሳቢው ክብደት አንድ አሥረኛ ያህል በጋንቾው ላይ ሊያርፍ ይገባል፤ ከዚያ በእጅጉ ካነሰ ተሳቢው ይወዛወዛል፤ ከበዛ ደግሞ የፊት ጎማዎች ይቀላሉ። ለ2,000 ኪሎ ተሳቢ ይህ 200 ኪሎ ነው፤ እርሱም ከተሳፋሪዎች ጋር ተደምሮ ከመኪናው የመጫን ልክ ላይ ይቀነሳል።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ ብዙዎች አገር ውስጥ ያለውን ያገለገለ መኪና ይፈልጋሉ። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ቀለሙን ትቶ ከሥር ይመልከት። ሻንሲው ተሰንጥቆ ተበይዷል ወይ? ጋንቾው የታሰረው ከሻንሲው ጋር ነው ወይስ ከኋላ መከላከያው ጋር? ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል? ራዲያተሩ ያፈሳል? የኤሌክትሪክ መኪና የሚያስብም ፋብሪካው ተሳቢ እንዲጎትት መፍቀዱን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ከባድ ተሳቢ በአንድ ቻርጅ የሚሄደውን ርቀት በእጅጉ እንደሚያሳጥረውም ይወቅ። የሹፌሩ መንጃ ፈቃድ ተሳቢ ለመጎተት የሚፈቅድ መሆኑንም ከትራንስፖርት ቢሮ ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

በመጨረሻ ወደ እናት ጥያቄ እንመለስ። ደብል ጋቢና የሚይዘው አምስት ሰው ነው። ቤተሰቡ ሰባት ከሆነ ሁለቱ የት ይሆናሉ? ከኋላ ጭነቱ ላይ፣ ወይም ተሳቢው ላይ ባለው መኪና ውስጥ ሰው ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም። ስለዚህ ተሳቢ የሚጎተትበት ቀንና ቤተሰብ የሚጓዝበት ቀን ይለዩ እንላለን። ከዚህም ጋር በዓመት ስንት ቀን ተሳቢ እንደምትጎትቱ በቤት ውስጥ ተመካክራችሁ ቁጠሩ። ሦስት አራት ቀን ብቻ ከሆነ ለዚያ ሲባል ውድ መኪና መግዛት አያስፈልግም፤ መኪና ጭኖ የሚያደርስ አይሱዙ መከራየት ይበቃል። በቀረው ገንዘብ ሁሉም የሚቀመጥበት መኪና ይገዛል። በየሳምንቱ ከሆነ ግን ፍሬን ያለውን ተሳቢና ቱርቦ ያለውን ፒክ አፕ አንድ ላይ ግዙ፤ ገንዘቡ ለሁለቱ ካልበቃ ግዢውን ማዘግየት ይሻላል።

ልጆቻችን በእጃችን ያሉ አማናዎች ናቸው። በመንገዱ ዳር ከብት የሚነዳው እረኛና ወደ ገበያ የሚሄደው ገበሬም እንዲሁ። አላህ በሰላም ወጥተው በሰላም ከሚገቡት ያድርገን። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ወሰላሙ ዓለይኩም።