ጌም ቤቱን ከቤቲንግ ቤቱ ለዩልን!

ሶዶ ላይ ልጅ ፈተና በወደቀ ቁጥር ተከሳሹ አንድ ነው፦ ፕሌይስቴሽን። ጆይስቲክ ይዤ ያደግሁ ነኝና ልመልስ።

ጌም ቤትና ቤቲንግ ቤት አንድ አይደሉም። ጌም ቤት ከፍለህ ትጫወታለህ፣ ትወጣለህ። ብትሸነፍም የምታጣው የከፈልካትን ብቻ ነው። ቤቲንግ ግን የነገውን ሀብት እያሳየ የዛሬውን እንጀራ ይወስዳል። "ሁለቱም ይዘጉ" የምትሉ ልዩነቱ ጠፍቷችሁ ነው?

ጥፋት የለም አልልም። ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ በክፍል ሰዓት የሚያስገባ ባለቤት ይጠየቅ። እዚህ ላይ አብረን ነን።

የኔ ቁጭት ሌላ ነው። ወላይታ ድቻ በ2010 ዓ.ም. ዛማሌክን የሚያህል ክለብ በመለያ ምት ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ካፕ አሰናብቷል። የሶዶ ልጅ ስክሪን ላይ የሚመርጠው ግን አርሴናልን ነው፤ ድቻ ጌሙ ውስጥ የለማ! ካሜሩናውያን እ.ኤ.አ. በ2016 "ኦሪዮን"ን ከአፍሪካ ተረትና ባህል ተነስተው ሠርተው ለዓለም ሸጡ። የእኛ ጊፋታ ከዚያ ምን ያንሳል? ዩኒቨርሲቲው እዚሁ አጠገባችን ነው።

ስለዚህ ሰዓት ወስኑ፣ ተቆጣጠሩ፣ ጌም መሥራትም አስተምሩ። በር መዝጋትማ ማንም ይችላል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?