ከፈገግታዋ በስተጀርባ ያለው ሸክም

በአይሮፕላን በር ላይ ቆማ «እንኳን ደኅና መጡ» የምትለውን የበረራ አስተናጋጅ ያየ ሰው፣ ኑሮዋ የተመቻቸ፣ ሥራዋም ሻይና ቡና ከማቅረብ የማያልፍ ይመስለዋል። ብዙ ልጃገረዶች የሚመኙት ሙያ መሆኑም እውነት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሙያ እንደማንኛውም ሥራ ድካምም ቅሬታም አለበት። ከቅሬታዎቹ መካከል ዘወትር የሚሰሙት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ከሥራ ባልደረባ ጋር አለመግባባት፣ ሁለተኛው የመንገደኛ ጓዝ ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ሁለቱ እንዴት እንደሚያያዙ፣ በቤታችን ሻንጣ የምናሰናዳ እናቶችም በነገሩ ምን ድርሻ እንዳለን እንመለከታለን።

አስተናጋጅና ጓዝ የተገናኙት ዛሬ አይደለም። በዓለም የመጀመሪያዋ ሴት የበረራ አስተናጋጅ ኤለን ቸርች የተባለች አሜሪካዊት ነርስ ስትሆን፣ ሥራዋን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በሜይ 1930 ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ቺካጎ በተደረገ በረራ ነበር። እርስዋና አብረዋት የተቀጠሩት ሰባት ነርሶች ያላገቡ፣ ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት ያልበለጠ፣ ክብደታቸውም ከ52 ኪሎ ገደማ ያላለፈ እንዲሆን ተጠይቆ ነበር። እነዚሁ ቀጫጭን ወጣቶች መንገደኛ ከማስተናገድ ሌላ ሻንጣ ይሸከሙ፣ ነዳጅ ሲሞላ ያግዙ፣ አይሮፕላኑንም ወደ ማደሪያው ሲገፉ ይረዱ ነበር።

ዛሬ አይሮፕላን የምትገፋ አስተናጋጅ የለችም። ሻንጣው ግን አልቀረም። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንዲትን ሻንጣ ከቤት ተነሥተን እንከተላት።

ልጅዋ በውጭ አገር የምትኖር እናት በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ድርቆሹንና ቅቤውን ለቀናት ስታሰናዳ ትከርማለች። በብዙ ዓለም አቀፍ መስመሮች አንድ ሻንጣ ከ23 ኪሎ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ጣቢያው ደርሳ ሚዛኑ 27 ሲል፣ ሻንጣውን ወለሉ ላይ ከፍታ አራት ኪሎ በርበሬ ወደ እጅ ቦርሳዋ ታዛውራለች። በብዙ አየር መንገዶች ከ7 ኪሎ እንዳይበልጥ የሚፈለገው የእጅ ቦርሳ አሁን 11 ኪሎ ሆነ። ባንኮኒው ላይ ያለው ሠራተኛ ሰልፉ ረዝሞበታል፤ አይቶ እንዳላየ ያሳልፋታል።

ቦርሳዋ አይሮፕላኑ በር ስትደርስ ጣጣው የአስተናጋጇ ይሆናል። ከመቀመጫው በላይ ያለው የዕቃ ቦታ ሞልቷል። እናትየዋ ማንሳት አልቻለችም፤ «ልጄ፣ እባክሽ አግዢኝ» ትላለች። አስተናጋጇ እምቢ ማለት ይከብዳታል፤ እጅዋን ከራስዋ በላይ ዘርግታ ታነሣለች። ከዚህች ቦርሳ በፊትም ሌሎች አንሥታለች። ወገብዋንና ትከሻዋን የሚያማት ከዚህ የተነሣ ነው።

ቦታ ሲታጣ ቦርሳዋ ወደ አይሮፕላኑ ሆድ ትመለሳለች። በዚህ ጊዜ የመነሻው ሰዓት ደርሷል። አስተናጋጇ «ይህን ያሳለፈው ማነው?» ብላ በምድር ሠራተኛው ላይ ታማርራለች። እርሱም በረራው ቢዘገይ ተጠያቂ ስለሚሆን «እናንተ ቶሎ ብታስተናግዱ ኖሮ» ይላል። ከሥር ደግሞ ጓዝ ጫኙ አለ። በአነስተኛ አይሮፕላኖች የጓዝ ክፍሉ ቀጥ ብሎ ስለማያስቆም፣ ሻንጣዎቹን ተንበርክኮ አንድ በአንድ የሚደረድረው እርሱ ነው። ሥራዬን ጨረስኩ ሲል እንደገና ይጠራል፤ እርሱም በሁለቱ ይማረራል። ወርውሮ ቢጥላት ባለቤቷ የምትረግመው እርሱን ነው። እንግዲህ አራት ኪሎ በርበሬ ሦስት ሠራተኞችን አጣላ ማለት ነው።

በሠራተኞቹ መካከል ያለው ቅሬታም ከዚህ የተለየ አይደለም። በትልልቅ አየር መንገዶች የበረራ ቡድን በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ አስተናጋጇ ብዙ ጊዜ የምትሠራው ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ነው። አንዷ የመንገደኛ ጥሪ ደውል ሲሰማ ከአይሮፕላኑ ማድ ቤት አትወጣም፤ ሌላዋ የተጠቀመችበትን ሳትተካ ለተረኛዋ ትታ ትወርዳለች። ነባሮቹ ቀላሉን ሥራ ይዘው ከባዱን ለአዲሶቹ የሚተዉበትም ጊዜ አለ። ልጅዋን ለሞግዚት ወይም ለእናትዋ ትታ ሌሊቱን በሥራ ላይ ያደረች ሴት እንዲህ ያለውን ነገር በቀላሉ አትረሳውም።

የደመወዙም ነገር ቅሬታውን ያባብሰዋል። በአሜሪካ የአስተናጋጆች ክፍያ ለረጅም ዘመን ሲታሰብ የኖረው የአይሮፕላኑ በር ከተዘጋ በኋላ ነበር። ስለዚህ መንገደኛው ሲገባ ከሻንጣ ጋር የሚታገሉበት ጊዜ አይከፈልበትም ነበር። ዴልታ የተባለው አየር መንገድ ለዚሁ ጊዜ የሰዓቱን ክፍያ ግማሽ መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው።

ይህ ሁሉ የሠራተኞች የግል ኩርፊያ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በአይሮፕላን ላይ አለመነጋገር ሕይወት ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1989 ከሎንዶን ወደ ቤልፋስት ይበር የነበረ ቦይንግ 737 የግራ ሞተሩ ተበላሸ። አብራሪዎቹ ተሳስተው ደኅናውን የቀኝ ሞተር አጠፉ፤ አዛዡም ችግሩ በቀኙ ሞተር መሆኑን ለመንገደኞቹ ተናገረ። አንዳንድ መንገደኞችና ሦስት አስተናጋጆች ግን እሳቱን ያዩት በግራ በኩል ነበር። ያዩትን ለአብራሪዎቹ የነገረ አልተገኘም። አይሮፕላኑ ኬግዎርዝ በተባለ መንደር አጠገብ ወድቆ ከ126 ሰዎች 47ቱ ሞቱ። ከምርመራው በኋላም አብራሪዎችና አስተናጋጆች በአንድነት እንዲሠለጥኑ ምክር ተሰጠ። በደኅናው ቀን «አንቺን ምን አገባሽ» የምትባል ሠራተኛ፣ በጭንቁ ቀን ደፍራ ትናገራለች ብሎ መጠበቅ አስቸጋሪ ነው።

ጥፋትን ወደ ታች ማውረድም ልማድ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በማርች 1974 ከፓሪስ ወደ ሎንዶን የተነሣ የቱርክ አየር መንገድ ዲሲ 10 አይሮፕላን የጓዝ ክፍሉ በር በአየር ላይ ተከፍቶ 346 ሰዎች አለቁ። በመጀመሪያ ጣት የተቀሰረው በሩን በዘጋው ጓዝ ጫኝ ላይ ነበር። በበሩ ላይ የነበረው ማስጠንቀቂያ የተጻፈው እርሱ በማያነባቸው በእንግሊዝኛና በቱርክኛ ነበር። ምርመራው ግን በሩ በደንብ ሳይቆለፍ የተቆለፈ መምሰል የሚችል ሆኖ መሠራቱን አሳየ። ይኸው ጉድለት ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1972፣ በሌላ አይሮፕላን ላይ ታይቶ ነበር። ሠራተኛው የሠራው እንደተነገረው ነበር።

በአገራችን በኅዳር 2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ባንኮክ ያደረገው አንድ በረራ ከአብራሪዎቹ ጀምሮ በምድር እስካሉት አገልግሎቶች ድረስ በሴቶች ተከናውኗል። አንድ አይሮፕላን እንዲነሣ ስንት እጅ እንደሚያስፈልግ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ? ሻንጣችንን በቤታችን ወይም በሠፈር ሱቅ ሚዛን እንመዝን፤ የሚቀነሰውን ከቤት ሳንወጣ እንቀንስ። ራሳችን አንሥተን ልናስቀምጠው የማንችለውን ቦርሳ ወደ ውስጥ ይዘን አንግባ፤ ከሚጫነው ጋር እናስጭነው። ሕመምና እርጅና ያለበት ሰው አስቀድሞ ይናገር። ቅቤና ዘይት በጥብቅ ዕቃ ይታሸግ፤ የሚፈሰው የሌላውንም ሰው ሻንጣ ያበላሻል። ከቀድሞ ጉዞ የቀረውን ምልክት ገንጥለን እንጣል፤ ሻንጣ ወደ ሌላ አገር ከሚሄድባቸው ምክንያቶች አንዱ እርሱ ነው። ስምና አድራሻ በውጭም በውስጥም ይጻፍ። መድኃኒትና ሰነድ ከእጃችን አይለይ። የስልክ ኃይል መሙያ ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ የእጅ ቦርሳችን በር ላይ ቢወሰድም አስቀድመን እናውጣው።

ለሠራተኞቹም አንድ ቃል አለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ባንኮኒው ላይ ያለው የከበደውን ቦርሳ እዚያው ቢያስቀረው፣ ከላይ ያለችው ሸክሟ ይቀላል፤ ከሥር የተንበረከከውም ሥራውን በጊዜው ይጨርሳል። አንዱ ለሌላው የሚተወው ሥራ ከመነሻው ሰዓት በፊት ይነገር። አዲሲቱም አስተናጋጅ ያየችውን ስትናገር የሚሰማት ታግኝ።