«እናቶች አይከፍሉም» ለሚሉ ዳኞች

«ልጄ፣ ሥራሽ ያስመሰግናል፤ ግን እናቶች አይከፍሉም። ይሄ የኤንጂኦ ሥራ እንጂ ቢዝነስ አይደለም።»

ይህን ያሉት አዲስ አበባ ውስጥ በተካሄደ የስታርትአፕ ውድድር ላይ ከዳኞቹ አንዱ ናቸው፤ የተናገሩትም ለአንዲት ወጣት ባዮሜዲካል ኢንጂነር ነው። አዳራሹ በስምምነት ራሱን ነቀነቀ፣ እሷም አመስግና ወረደች። እኔን ግን ንግግሩ እስካሁን ያንገበግበኛል። በእናቶችና በጨቅላ ሕፃናት ጤና ላይ ኩባንያ ለማቋቋም የሚሞክሩ ሴት ሳይንቲስቶች በየውድድሩና በየባንኩ የሚሰሙት ይህንኑ ነው። የሚነገረው በአባትነት ድምፅ ስለሆነ ደግሞ ማንም አይሞግተውም።

ልጅቷ ይዛ የመጣችው የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ባለሙያዎች ሲፓፕ የሚሉትን መሣሪያ ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ሳንባው ገና ስላልጠና በተነፈሰ ቁጥር ይከደንበታል፤ እንደገና ለመክፈት ሲታገል ይደክማል። ሲፓፑ ኦክስጅን የተቀላቀለበት አየር በአፍንጫው ይሰጠዋል። የመውጫው ቱቦ ጫፍ ውኃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል። ቱቦው አምስት ሴንቲሜትር ከጠለቀ ሳንባውን ከፍቶ የሚይዘው ግፊት የአምስት ሴንቲሜትር ውኃ ነው፤ ስድስት ከጠለቀ የስድስት። ውኃው ሲንተከተክ ነርሷ ከክፍሉ ማዶ ሆና ግፊቱ እንዳለ ታውቃለች፤ አረፋው ከቆመ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሆነ ቦታ አየር እያመለጠ ነው። ልጅቷ የጨመረችበት አረፋው ሲቆም የሚጮህ ማንቂያና መብራት ሲጠፋ የሚረከብ ባትሪ ነው። አንዲት ነርስ ስንት ሕፃን እንደምትጠብቅ የሚያውቅ ሰው የዚህን ማንቂያ ዋጋ ማስረዳት አያስፈልገውም።

መሣሪያው ይሠራል ወይ ተብላ ተጠይቃ ቢሆን ኖሮ መልስ ነበራት። የራይስ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሬቤካ ሪቻርድስ-ኮርተምና ማሪያ ኦደን ከተማሪዎቻቸው ጋር ያበለጸጉት «ፑማኒ» የተባለ ሲፓፕ ማላዊ ብላንታየር ውስጥ ተሞክሯል። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናት የመተንፈስ ችግር ከገጠማቸው ጨቅላዎች ኦክስጅን ብቻ ካገኙት 44 በመቶው፣ ሲፓፕ ካገኙት 71 በመቶው ተርፈዋል። ፑማኒን አምርቶ ለገበያ ያቀረበው ደግሞ ካሊፎርኒያ የሚገኝ የንግድ ኩባንያ ነው።

ዳኛው ግን ስለ ሳንባም ስለ ውጤትም አልጠየቁም። የያዙት አንድ ነገር ነው፦ እናቶች አይከፍሉም።

አዎ፣ አይከፍሉም። በመንግሥት ጤና ተቋም የወሊድ አገልግሎት ነጻ ነው፤ መሆንም አለበት። ታዲያ ወላዷ ደም እንዳይፈስሳት የምትወጋው ኦክሲቶሲን ከየት መጣ? በሕዝብ ገንዘብ ተገዝቶ ነው የመጣው፤ አምራቹም ሒሳቡን ተቀብሏል። ከፋዩ መንግሥት ነው፣ አበዳሪ ነው፣ ለጋሽ ነው። የሚታከመውና የሚከፍለው የተለያዩ መሆናቸው በጤና ንግድ ውስጥ ሀ ሁ ነው፤ ይህን ያልለየ ሰው በጤና ስታርትአፕ ላይ ለመፍረድ ወንበር ላይ መቀመጥ የለበትም።

ክቡር ዳኛ፣ ስለ ሳንባ ምች ክትባትስ ምን ይላሉ? በ2009 እ.ኤ.አ. መንግሥታትና የጌትስ ፋውንዴሽን የደሃ አገር ሕፃናት ወላጆች እንደማይከፍሉ ስላወቁ ክትባቱን ለሚያመርቱ ኩባንያዎች 1.5 ቢሊዮን ዶላር የግዥ ማበረታቻ መደቡ። ፋይዘርና ግላክሶስሚዝክላይን ፈረሙ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ክትባቱ ኢትዮጵያ ገባ። ለፋይዘር «ይሄ የኤንጂኦ ሥራ ነው» ያለው የለም። ገዢ ሲጠፋ ገዢ ተበጀለት። አንዲት ኢትዮጵያዊት ስትመጣ ግን የገዢው መጥፋት የእሷ ጥፋት ሆኖ ተቆጠረ።

የዱቄት ወተት ኩባንያዎችንም ይመልከቱ። በዓለም ዙሪያ በዓመት 55 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይሸጣሉ፤ ጡቷ ወተት ያላት እናት ሳትቀር እንድትገዛ ያግባባሉ። በ1981 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ጉባኤ የሽያጭ ደንብ ያወጣው እኮ በዚህ ምክንያት ነው። ወተት ለሚሸጥለት ገበያ የሆነ ሕፃን፣ ለትንፋሹ መሣሪያ ሲሠራለት ምጽዋት ጠባቂ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

«ለኤንጂኦ ይተው» የሚለው ምክር ምን እንደሚያስከትል ደግሞ በየሆስፒታሉ መጋዘን ታዩታላችሁ። በእርዳታ መጥቶ፣ ተመርቆ፣ ፎቶ ተነስቶበት፣ አንዲት መለዋወጫ ታጥታ አቧራ የሚጠጣ የሕፃናት ማሞቂያ። በደሃ አገሮች ካለው የሕክምና መሣሪያ 40 በመቶ ያህሉ እንደማይሠራ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሳይቷል። የሰጠ ሰው ሰጥቶ ይሄዳል፤ የሸጠ ኩባንያ ግን ስልኩ ይጮህበታል፣ ቴክኒሻን መላክ ግዴታው ነው። ቢዝነስነቱ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በዚያው መድረክ ምግብ የሚያደርስ መተግበሪያ ይዞ የቀረበውን ወጣት «በሚቀጥለው ዓመት ስንት ከተማ ትገባለህ?» አሉት። እሷን «ቢበላሽስ?» አሏት። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የኒውዮርክ የስታርትአፕ መድረክ ጥናት ይህንኑ አግኝቷል፦ ለወንዶች ከቀረቡት ጥያቄዎች 67 በመቶው ስለ ማደግ፣ ለሴቶች ከቀረቡት 66 በመቶው ስለ መክሰር ነበሩ።

ለእሷ የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ፤ ከባድም ናቸው። ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ዘንድ ለመመዝገብ ምን ማስረጃ ይዘሻል? ሴንሰሩን በየትኛው የውጭ ምንዛሪ ታስመጫለሽ? ለጨረታ ማስከበሪያው ገንዘብ አለሽ? የልምድ ማስረጃ ሲጠይቁሽ ምን ታቀርቢያለሽ? እነዚህን የጠየቃት ሰው ቢቆጣትም አላዝንም ነበር፤ ሥራዋን አክብሮታልና።

አሁን የምጠይቀው ከጤና ሚኒስቴርና ከመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው። ሽልማትና የካርቶን ቼክ ይብቃ። መሣሪያው ማሟላት ያለበት መስፈርት በጽሑፍ ይውጣ፣ መስፈርቱን ያለፈውን ይህን ያህል ቁጥር በዚህ ዋጋ እንገዛለን ተብሎ አስቀድሞ ይፈረም። የልጅቷ ሲፓፕ ፈተናውን ከወደቀ ውሉ ይቅር፤ ካለፈ ግን ገንዘቡ በወቅቱ ይከፈላት።