«ገባችሁ?» አትበሉን

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በመካከላችን አንድ በሽታ ገብቷል። ግጥም ይነበባል፣ ሥዕል ይሰቀላል፣ ክራር ይመታል፤ ገና ድምፁ ከጆሮአችን ሳይወጣ አንዱ ይነሣና «ምን ለማለት ተፈልጎ ነው?» ይላል። ሌላው ወደ ጎረቤቱ ዘወር ብሎ በሹክሹክታ «ገባህ?» ይላል። ያልገባው እንደ ገባው ሰው ራሱን ይነቀንቃል። ገባኝ ባዩ ደግሞ ሲያብራራ ያመሻል። በመጨረሻ ሁላችንም ማብራሪያውን ይዘን እንወጣለን፤ ግጥሙን ግን አዳራሹ ውስጥ ጥለነው ነው የምንሄደው።

ልማዱ ከትምህርት ቤት የመጣ ነው። «ገጣሚው ምን ለማለት ፈለገ? ከሀ እስከ መ ካሉት ምረጥ።» ስንቱ ጓደኛችን «መ»ን ሳያገኝ ቀርቶ ከግጥም ጋር እስከ ዛሬ እንደ ተኳረፈ እናውቃለን።

እኛ ይህን እንቃወማለን። ስንቃወምም «ዕውቀት ይቅር» ማለታችን አይደለም፤ እንደዚያ ብለን ምን ልንሠራ ዩኒቨርሲቲ ገባን? የምንለው፣ በጥበብ ፊት ስሜት ይቀድማል፣ ማስተዋል ይከተላል ነው። ቀዳሚው ሳይመጣ ተከታዩን እየጎተቱ ማምጣት ሥራውንም ተመልካቹንም መበደል ነው።

ከመካከላችን መርካቶ ተወልደው ያደጉ አሉ። እነሱ የሚያውቁትን አንድ ነገር እናንሣ። ሸማ ተራ ነጠላ ልትገዛ የመጣች እናት መጀመሪያ ዋጋ አትጠይቅም፤ ድሩ የየት ነው፣ ማጉ የየት ነው ብላም አትመራመርም። ጨርቁን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል አድርጋ ታሸዋለች። በቃ። እጇ ይነግራታል። ነጋዴው ቢምል ቢገዘት እጇ «አይ» ካለ «አይ» ነው። በርበሬ ተራም ብትሄዱ እንዲሁ ነው፤ ቆንጠር ታደርጋለች፣ ታሸታለች፣ ወይ ትገዛለች ወይ ታልፋለች። ይህ ድንቁርና ነው እንዴ? ይህ እኮ የሃያ የሠላሳ ዓመት ትምህርት ነው፤ ትምህርቱ የተቀመጠው ግን ጣትና አፍንጫ ላይ ነው። ሐያስያኖቻችን በመጽሐፍ ላይ የሚጽፉትን «ዳሰሳ» ይሉታል። ቃሉ መልካም ነበር። ግን ስንቶቹ ናቸው በእርግጥ ዳስሰው የጻፉት? አብዛኛው ዋጋውን ጠይቆ የሚመለስ ነው።

ወደ ሲኒማም እንሂድ፤ ሩቅ አይደለም፣ እዚያው መርካቶ ነው። ዛሬ ራስ ቴአትር የምንለው ቀድሞ ሲኒማ ራስ ነበረ። ወላጆቻችን እንደሚያጫውቱን በዚያ ዘመን የሕንድ ፊልም ሲታይ ተሸካሚውም፣ ሊስትሮውም፣ ጉሊት ቸርቻሪዋም እኩል ይጋፋ ነበር። ሂንዲ የሚያውቅ ማን አለ? ማንም! ስማቸው እስካሁን ከሚነሣው ፊልሞች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1957 የተሠራው «ማዘር ኢንዲያ» ነው፤ መጨረሻው ላይ እናት የገዛ ልጇን ተኩሳ ትገድላለች። ያን አይቶ ለማልቀስ መዝገበ ቃላት ያስፈልጋል? «ታሪኩ ከድርጊቱ ይገባል» የሚለን አይጠፋም። ይሁን። ዘፈኑስ? አንዲት ቃሉን ሳይረዱ ይዘውት ወጥተው፣ ዛሬም ቡና እየቆሉ የሚያንጎራጉሩት እናቶች አሉን።

ራጉኤል ደጅ ቆማ የምታስቀድስ እናት ግዕዙ ቃል በቃል አይገባትም፤ ዜማው አራራይ ሲሆን ግን እንባዋ ይወርዳል። እዚያው አጠገብ ካለው አንዋር መስጊድ አዛን ሲሰማ ልቡ የሚረጥበው ነጋዴም ሁሉ ዐረብኛ አጥንቶ አይደለም።

አሁን የራሳችንን ጥፋት እንናገር። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ በእሳት በተያያዘ ጊዜ ሱቃቸው ከወደመባቸው አንዷ የአንዳችን አክስት ናቸው። ከወራት በኋላ «ትንሽ ይናፈሱ» ብለን ወደ አንድ የሥዕል ትርዒት ይዘናቸው ሄድን። እትዬ እንዲህ ያለ ቦታ ገብተው አያውቁም፤ በር ላይ ጫማቸውን ሊያወልቁ ሲሉ ነው የያዝናቸው። ውስጥ ሰው የማይታይበት፣ ቤት የማይታይበት፣ ከላይ እስከ ታች ቀይና ጥቁር የሆነ አንድ ሥዕል ነበር። እሱ ፊት ቆሙ። ቆዩ። ከእኛ አንዱ (ስሙን አንጠራም፤ ይህን ጽሑፍ አብሮን ጽፏል) ስለ ረቂቅ ሥዕልና ስለ ቀለም ውክልና ያብራራላቸው ጀመር። እሳቸው የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ሰሙትና፣

«እንዲያው ልጄ፣ ይኼ ሰውዬ ምን ተቃጥሎበት ነው?» አሉ።

አብራሪያችን «አይ እትዬ፣ እሳት አይደለም፤ ቀዩ የሚወክለው…» ብሎ ቀጠለ። እሳቸውም አፈሩ። «እኔ ምን አውቃለሁ፤ አልገባኝ ይሆናል» ብለው ዘወር አሉ። ከዚያ ወዲያ ያሉትን ሥዕሎች በሙሉ፣ ከየሥዕሉ ጎን የተለጠፈችውን ወረቀት ብቻ እያዩ ነው ያለፏቸው። ማንበብ ደግሞ አይችሉም።

«ታዲያ ሥዕሉ የእሳት ካልሆነ ተሳስተዋላ!» የሚለን ይኖራል። አልተረጎሙም እኮ! ምን ደረሰበት ብለው የሰውዬውን ሐዘን ጠየቁ፤ ለቅሶ ቤት እንደ ገባ ሰው። እኛ ነን ከለቅሶው አስነሥተን ክፍል ውስጥ ያስገባናቸው።

ነገሩ በእኛ አልተጀመረም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን አገር ኮሎኝ ተምሮ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ላይ ረቂቅ ሥዕሎቹን ባሳየ ጊዜ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው? የኢትዮጵያ ነው ወይ?» የሚል ክርክር ተነሥቶበታል። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጠው፤ በ1981 በስደት አሜሪካ ሞተ። ገጣሚም ነበር። ዛሬ በስሙ ማዕከል ተቋቁሞለታል፣ እኛም ስሙን በኩራት እንጠራለን፤ ግን ስንቶቻችን ነን አንድ ሥዕሉ ፊት ያለ አብራሪ አምስት ደቂቃ የቆምን?

«ቅኔስ? ሰምና ወርቅ ያለው ሕዝብ ትርጉም ፈላጊ ነው» ይሉናል። ለመሆኑ ሰሙ በምን ቀለጠ? አንጥረኛ ሰሙን በጥፍሩ ፍቆ አያወጣውም፤ እሳት ያሳየዋል።

ሌላው መቃወሚያ ግን ከበድ ይላል፤ እኛም ስንከራከርበት አምሽተናል። «ስሜት ይታለላል፤ በዘፈንና በሽለላ ስንቱ ወደ ሞት ተነድቷል» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ሙሉ መልስ አለን አንልም። ቶልስቶይም «ጥበብ ምንድን ነው?» በሚለው መጽሐፉ ጥበብን ስሜት ከሰው ወደ ሰው የሚጋባበት መንገድ ካደረገ በኋላ፣ የትኛው ስሜት ይጋባ የሚለውን ለይቶ መርምሯል። ምርመራው ተገቢ ነው፤ ተራው ግን ሁለተኛ ነው። ደግሞስ ትርጉም ጠያቂ ሁሉ የጥበብ ወዳጅ ነው? በንጉሡም በደርግም ዘመን «ይህ ምን ለማለት ነው?» ብሎ ከሁሉ አጥብቆ ይጠይቅ የነበረው ሳንሱር ነው።

ለሚቀጥለው የግጥም ምሽት አዘጋጆች ጥያቄ አለን። ማብራሪያ የሚባለው ወረቀት ሰው ሲወጣ እንጂ ሲገባ አይታደል። ግጥሙ ካለቀ በኋላ ጥቂት ዝም ይባል፤ መድረክ መሪው ማይክ ለመቀማት አይቸኩል። የሚቃወመን ካለም ይጻፍ፣ ገጹ ክፍት ነው። እትዬንም ዳግመኛ ጋብዘናቸዋል። እስካሁን «ሥራ በዝቶብኛል» ነው የሚሉን።